የሚያነክሰው ምት

የልብስ ማጠቢያው ቤት ሠራተኞች "ታኮ" ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። ትልቋ ማሽን እርጥብ ብርድ ልብስ ሞልቶባት ስትጨምቅ እየተንቀጠቀጠች ከቦታዋ ትነሳለች። ያን ቀን እየተንፏቀቀች ወደ በሩ ስትመጣ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ሲበተን እሱ ሄዶ እንደ ጎማ ታኮ በጀርባው ደገፋት። በቃ ይሄ ልጅ አለቀለት ብለው ሲያዩት፣ ለካ እግሩ መሬቱን ይመታል። ከማሽኗ እኩል፣ አንድም ሳያዛንፍ። ማሽኗ ስትቆም እሱም ቆመ፣ ፊቱ ላይ ግን ድንጋጤ የለም። ደስ የሚል ነገር መሀል ላይ እንደተቋረጠበት ሰው ቅር ብሎታል።

ታኮ ሙዚቃ ይሠራል። ዘፋኝ የሌለው፣ ጊታር የሚመታ ሰው የሌለው፣ ከኮምፒውተር ብቻ የሚወጣ፣ ዱም ዱም እያለ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያዘልል ዓይነት ሙዚቃ። ቤት ውስጥ የምትሰማለት ታላቅ እህቱ ናት። አብረው የሚኖሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ መሀሉን መጋረጃ ከፍሎታል። በሷ በኩል የስፌት ማሽኗና ዚፕ ሊቀየርላቸው የመጡ የሰው ሱሪዎች፣ በሱ በኩል ፍራሽና ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ ላፕቶፕ። አዲስ ነገር በሠራ ቁጥር ይጠራትና ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፣ ትሰማለች፣ ከዚያ፣

"ቆንጆ ነው። ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?" ትላለች።

"እቴ፣ ዘፋኝ የለውም አልኩሽ እኮ።"

"አውቃለሁ። ምናልባት ዛሬ ከመጣ ብዬ ነው።"

የእህቱስ ግድ የለም። የሚያንገበግበው ተኳሿ ናት። ተኳሿ ማጠቢያው ቤት አንሶላና ሸሚዝ የምትተኩስ ልጅ ናት፣ ምላሷ ከካውያዋ ይብሳል። ስልኳ ላይ ደግሞ ዘፈን ሲያሰሙት የማን እንደሆነ የሚናገር አፕ አለ። ታኮ አዲስ ቢት ይዞ ሲመጣ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ስልኩ ትንሽ ያስብና ታኮ ሰምቶት የማያውቀውን የሆነ ሰው ስም ያወጣል። የእህቱን ስፌት ማሽን ቀርፆ ሠራ፣ ስም ወጣ። የግቢያቸው በር ሲጢጥ ሲል ቀርፆ ሠራ፣ ሌላ ስም ወጣ።

"ይሄ ሰውዬ ቤታችሁ አልጋ ሥር ተደብቆ ነው እንዴ የሚሠራው?" አለችው።

ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ ከሥር ያስገባው ከበሮ ነበር። ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ ዝግጁ ከበሮ ነው፣ ዓለም በሙሉ አውርዶታል፣ ዓለም በሙሉ ተጠቅሞበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታኮ ማለ፦ በገዛ እጄ ካልቀረፅኩት አንዲት ኮሽታም አላስገባም።

የማለው ለተኳሿ ብሎ አይደለም፣ ለዲጄው ብሎ ነው። ከማጠቢያው ቤት ወረድ ብሎ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ አዳራሽ አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቱ እዚያ ይጨፍራል። ዲጄው ጎልማሳ ነው፣ ወገቡን ስለሚያመው የሚያጫውተው ተቀምጦ ነው። ታኮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጎኑ ይቆምና ይነዘንዘዋል።

"ስማኝ የኔ ወንድም" አለው አንድ ቀን ዲጄው። "ይሄ ሙዚቃ አልቆለታል። ኪኩ፣ ዱም ዱም የሚለው ከበሮ፣ ያው ነው። ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣው ያው፣ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ቧ የሚለውም ያው። እኔ አሁን ተነስቼ ሽንት ቤት ብሄድ ሰዉ የቱ ጋ እጁን እንደሚያነሳ ጠንቅቆ ያውቀዋል። አዲስ ነገር ቀርቶ አዲስ ስህተት እንኳን ከሰማሁ ቆየሁ።"

"አላለቀም።"

"ማን ነገረህ?"

"ድምፅ መቼ አለቀና ነው? ሰው ሲሰለቸው አለቀ ይላል እንጂ።"

ዲጄው ሳቀ፣ ወገቡን ይዞ። "እንግዲያው ሰምቼ የማላውቀውን አንድ ነገር አምጣ። አንድ ብቻ። ካመጣህ ቅዳሜ ሰዉ ሞቅ ባለበት ሰዓት እለቅልሃለሁ፣ ይሄ የሱ ነው ብዬም በማይክ እናገራለሁ። ካላመጣህ ግን ሁለተኛ ጆሮዬ ሥር አትቁም።"

ይሄ ለሌላ ሰው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ለታኮ ግን ሌላ ምንም የለም። ትምህርቱን ጥሎ ወጥቷል፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሲጭንና ሲያወርድ ነው የሚውለው፣ ይሄን ሁሉ የሚችለው ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እኔ አንድ ቀን ማንም ያላሰማውን አሰማለሁ የሚል። ሁሉም ነገር ተሠርቶ ካለቀማ እሱ አንሶላ ጫኝ ብቻ ሊሆን ነው። ያን ቀን ከአዳራሹ ወጥቶ የሚቀርፅ ድምፅ ፍለጋ በየመንገዱ ዞረ።

እንዲህ ሆኖ ሲንከራተት ነው ትልቋ ማሽን ማነከስ የጀመረችው።

መጀመሪያ የሰማት እሱ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱ… ዱም። ውስጧ የሚዞረው በርሜል እኩል መዞር ትቷል። ሦስተኛው ላይ ይዘገያል፣ እግሩን ያመመው ሰው ደረጃ ሲወርድ እንደሚያመነታው ያመነታል፣ ከዚያ ይወድቃል። ሁሌም እኩል አይዘገይም ደግሞ፣ ጉዱ እሱ ላይ ነው። ልብሱ ውሃ ሲይዝ በጣም ይዘገያል። ውሃው እየወጣ ሲሄድ ማነከሱ እያጠረ፣ እያጠረ፣ ዳነ ስትል መልሶ ይብሳል። ታኮ አንሶላውን ተሸክሞ እንደቆመ ደርቆ ቀረ። እግሩ ልከተል ይላል፣ አይችልም። ዕድሜውን ሙሉ እግሩ ያልቻለው ምት ሰምቶ አያውቅም ነበር። ፀጉሩ ቆመ።

"አንተ፣ አንሶላውን አግብተኸው ነው ወይስ አጭተኸው?" አለችው ተኳሿ።

በማግስቱ ስልኩን ማሽኗ ላይ አስደግፎ ቤቱን በሙሉ ጸጥ አሰኘ። ተኳሿን ካውያሽን አንሺ አለ፣ አጣጣፊዎቹን ወሬ አቁሙልኝ አለ፣ የማጠቢያው ቤት አለቃን ሳይቀር ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ እባክዎ፣ አንድ ዙር ብቻ፣ ማንም እንዳይናገር" ብሎ ለመናት። አለቃዋ ትልቅ ሴት ናት፣ የሠራተኛ ልመና ደስ አይላትም፣ ግን ልጁ ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ወጣችና ቆመች። ሁሉም ቆመው ማሽኗን አዳመጡ። ዱም፣ ዱም፣ ዱ… ዱም። አለቃዋ ግንባሯን ቋጠረች፣ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ታኮ ደስታው አስክሮት ያን ፊቷን ልብ ብሎ አላየውም።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓቱን ሰጠው፣ ሳያልቅ እህቱ እንዳትሰማው ቤት አይከፍተውም። ምሳውን ቆሞ ይጎርስና ላፕቶፑን ይዞ ማጠፊያ ክፍሉ ይገባል፣ ከማሽኗ ጀርባ ያለው ክፍል ነው፣ መሀላቸው ቀጭን ግድግዳ ብቻ። የተጣጠፈ ፎጣ ክምር ላይ ይቀመጣል፣ ሄድፎኑን ያደርጋል፣ ማሽኗ ከኋላው ስትዞር እሱ ይሠራል። የቀረፀውን ምት በምት ቆራረጠው። ትልቁን ዱምታ ለብቻ፣ ውሃው ሲንሿሿ ለብቻ፣ ብረቱ ሲያቃስት ለብቻ። ከዚያ መልሶ ደረደረው። ላፕቶፑ ሞልቶ አልቀበልም ሲለው ሳይቆራረጥ የቀረፀውን ረጅሙን ድምፅ አጠፋው፣ ምቶቹን አውጥቼ ጨርሻለሁ፣ ልጣጩ ምን ያደርግልኛል ብሎ። ስልኩ ላይ ያለውንም አጠፋ። ሲሰማው ደግሞ ሕይወት አለው፣ ያነክሳል፣ ይሄዳል፣ ይለወጣል። እዚያ ፎጣ ላይ ብቻውን ተቀምጦ እንባው መጣ።

ተኳሿን ጠራት። እዚያው ክፍል ውስጥ ከላፕቶፑ ስፒከር ለቀቀላት፣ ስልኳን ከፍ አደረገች። ስልኩ አሰበ፣ አሰበ፣ "አልተገኘም" አለ።

"እንዴ" አለች ተኳሿ። ስልኳን አራግፋ ደገመች። አልተገኘም።

"በይ አሁን ስም አውጪለት" አላት።

"ተው እንጂ አታልቅስ፣ የሰው ፎጣ ነው የምታረጥበው" አለችው፣ ግን እሷም ደስ ብሏት ነበር፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ዓርብ የዕረፍት ቀኑ ነው። ቢቱን በፍላሽ፣ ላፕቶፑንም በክንዱ ይዞ በጠዋት አዳራሹ ሄደ። ዲጄው ብቻውን ገመድ እየጠቀለለ ነበር፣ ባዶ አዳራሽ፣ ወንበሮቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ፍላሹን ተቀበለው፣ ሰካው፣ ድምፁን ከፍ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ።

ዱም። ዱም። ዱም። ዱም።

ታኮ፣ ዲጄው ሌላ ነገር የከፈተ መሰለው። "እሱ አይደለም" አለ።

"ያለው እሱ ብቻ ነው።"

ዱም። ዱም። ዱም። ዱም። የማሽኗ ድምፅ ነው፣ ብረቱ ያቃስታል፣ ውሃው ይንሿሿል። ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሰልፍ እንደሚወጣ ወታደር። ማነከስ የሚባል የለም። ዲጄው ዓይኑን ገለጠ። አላሾፈም፣ ቢያሾፍ ይሻል ነበር።

"ድምፁ ጥሩ ነው። ንፁህ ነው" አለ። "ግን ሰምቼዋለሁ። ብርጭቆ የሚቀርፅ አለ፣ ባቡር የሚቀርፅ አለ፣ አንተ ደግሞ ማሽን ቀርፀሃል። ልብሱ ነው የተቀየረው እንጂ ሰውነቱ ያው ነው።"

ታኮ ላፕቶፑን ከፍቶ አየ። በሙዚቃ መሥሪያው ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ቁልፍ አለች፣ እሷ ከተከፈተች ያስገባኸውን ምት ሁሉ እየጎተተች መስመሩ ላይ እኩል ታስቀምጥልሃለች። ድሮ ጣቱ ገና ሲንተባተብ እሱ ራሱ ነው የከፈታት፣ ከፍቶ ረሳት። ማሽኗን ቆራርጦ ሲደረድር፣ ምት ባስገባ ቁጥር ቁልፏ ቀስ ብላ እግሩን እየያዘች አቃንታዋለች። እሱ ሲሰማው የነበረው ማነከስስ? ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ማሽን ናት። ሄድፎኑን አልፋ ስትገባ የነበረችው እሷ ናት። የተኳሿ ስልክም ያላወቀው በማሽኗ ጩኸት ደንቁሮ ነው። ቢቱን አንድም ቀን ለብቻው ሰምቶት አያውቅም።

ምቶቹ በሙሉ በእጁ አሉ። የሌለው በምቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ነው፣ ያ ሁሉ ደስታ ደግሞ ክፍተቱ ውስጥ ነበር።

"እንደገና እቀርፃታለሁ" አለ ታኮ። "አሁን ሄጄ እቀርፃታለሁ። ጠብቀኝ።" ፍላሹን እንኳን ሳይነቅል ወጣ። እየሮጠ ነው የሄደው፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ።

ማጠቢያው ቤት ሲደርስ የማሽኗ ጀርባ ተከፍቶ፣ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አገኘው። ጋሽ ብሎን ነው የሚሉት፣ ኪሱ ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ። አለቃዋ ከጎኑ ቆማለች፣ ደስ ብሏታል።

"መጣህልኝ፣ ጎበዝ" አለችው። ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞር ብላ፣ "ይሄ ልጅ ነው ጋሼ ብልሽቱን ያወቀው። ቤቱን ጸጥ አሰኝቶ በስልኩ ሁሉ እየቀረፀ አሰማኝ። ሌላው ሠራተኛ ቢሆን ተሰብራ እስክትቆም ዝም ይላት ነበር።"

ታኮ የተከፈተ ጀርባዋን አየ። "ምን አደረጓት?"

"በርሜሏ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ለወጥን" አለ ጋሽ ብሎን። "ቺንጋዋንም አጠበቅናት። አሁን እንደ ሰዓት ነው የምትዞረው፣ ስማ።" ቁልፉን ተጫነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

"ጋሼ፣ ይመልሱልኝ።"

"ምኑን?"

"የድሮውን ኩሽኔታ። ለአንድ ዙር ብቻ። እቀርፅና መልሰው ይለውጡታል።"

ጋሽ ብሎን አለቃዋን አየ፣ አለቃዋም እሱን። "ልጄ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ያረጀ ኩሽኔታ መልሼ በርሜሉ ተፈንጥሮ ቢወጣ ማንን ነው የሚያገኘው? አንተን ነው። ከፊቷ የምትቆመው አንተ ነህ።" ከዚያ መሬት ላይ በግራሶ የተለወሰውን አሮጌ ኩሽኔታ አንስቶ ሰጠው። "ከወደድከው ውሰደው።"

ታኮ ተቀብሎ ጆሮው ሥር አዞረው። ክርክርክር ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ክብደት የለበትም፣ ውሃ የለበትም። ወዲያ ጣለውና እነሱ ወደ ቢሮ ሲገቡ ማሽኗን ከፍቶ እርጥብ ብርድ ልብስ አጨቀባት፣ በሙሉ በአንድ በኩል፣ እንድታጋድል። አስነሳት። አነከሰች? አላነከሰችም። ተንዘፈዘፈች፣ ጮኸች፣ ከሥሯ ውሃ ረጨች፣ ከዚያ በራሷ ጊዜ ጠፋች። እንደገና አስነሳት። እንደገና ጠፋች። ብርድ ልብሱን አውጥቶ በሌላ በኩል ሲያጭቅ አለቃዋ ደረሰች።

"ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? አሁን ከማመስገኔ?"

"እትዬ፣ እንደ ድሮዋ ትሁንልኝ።"

"ታመሃል?" እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። እውነቷን ነው የጠየቀችው። "ሂድ ቤትህ። ሂድ ተኛ። ዛሬ ዕረፍትህ አይደለም እንዴ?"

ቤት ሲገባ እህቱ ዚፕ እየተረተረች ነበር። ፊቱን አይታ መጋረጃውን ከፍ አደረገችለት። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ያቺን ቁልፍ ዘጋት፣ በጣቱ ሊመታው ሞከረ። ዱም፣ ዱም፣ ዱ… ዱም። ሲሰማው የውሸት ነው፣ አንካሳ መስሎ የሚለምን ሰው ዓይነት። ደገመ፣ ይብስ። ቶሎ ሲያደርገው የተሰናከለ ይመስላል፣ ቆይቶ ሲያደርገው የረሳ ይመስላል። ደጋግሞ ሲመታ ደግሞ ጣቱ ሳያስበው ቀጥ ይላል፣ ስንት ዓመት የሰማው ሁሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ።

"እንዴት ነበር የሚለው?" አለች እህቱ ከመጋረጃው ወዲያ። "በአፍህ ንገረኝ፣ እኔ ልያዝልህ።"

በአፉ አለላት። እሷ መልሳ ስትለው ሌላ ሆነ። እሱ ሊያርማት ሲል የሱም ሌላ ሆነ።

"እቴ፣ ተይው።"

"አንዴ ብቻ…"

"ተይው አልኩሽ፣ በተናገርነው ቁጥር እያለቀ ነው።"

እህቱ ዚፑን አስቀመጠች። የስፌት ማሽኗንም አላስነሳችም ያን ቀን፣ የሰው ሱሪ እንደተከመረ ቀረ። እሱ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፈነ። ሌላ ድምፅ ገብቶ ያቺን ጆሮው ውስጥ የቀረችውን ምት እንዳያጠፋበት ፈርቶ ነው። ግን ጆሮህን ስትደፍን የሚሰማህ የገዛ ልብህ ነው፣ ልብ ደግሞ እኩል ነው የሚመታው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን ሊቀበል ተነሳ። ዲጄውን አላመጣሁም ሊለው፣ ሁለተኛም ጆሮህ ሥር አልቆምም ሊለው። መንገዱን በሙሉ ይሄንኑ ሲለማመድ ሄደ። የአዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ሰዉ ያፏጫል፣ ይዘልላል። ትንሽ ቆሞ ነው የገባው። የሚጫወተው የራሱ ቢት ነው። የማሽኗ ብረት ያቃስታል፣ ውሃው ይንሿሿል፣ ዱም ዱም ዱም ዱም።

በሰው መሀል ተጋፍቶ ዲጄው ጋ ደረሰ። "ለምን ለቀቅከው? አላለፈም እኮ፣ ሰምቼዋለሁ ብለኸኛል።"

"ሰዉም ሰምቶታል፣ ለዚያ ነው የወደደው" አለ ዲጄው በጆሮው። "አትቆጣ እንጂ። እያቸው። ስንቱ ነው ሠርቶ ይሄን የሚያይ?"

"አጥፋው።"

"አሁን ባጠፋው ይገድሉኛል።" ከዚያ ደግ ነገር የሠራ መስሎት ማይኩን አነሳና፣ "የታኮ ነው፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ይኸውላችሁ አጠገቤ" አለ። ሰዉ እጁን አነሳ። እጁን የሚያነሳው ደግሞ ልክ ሁሌም በሚያነሳበት ቦታ ላይ ነው፣ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ቧ ሲል። አንዱ መጥቶ አቀፈው፣ ሌላው ፀጉሩን አሻሸው፣ ጎበዝ አሉት፣ ወደ መሀል ጎተቱት።

መሀል ላይ ቆመ። የሰዉ እግር በሙሉ አንድ ላይ ይወድቃል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከዚህ ሁሉ ዱምታ ሥር ያቺን የምታነክስ ምት ፈለጋት። እግሩን አነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ አዘገየ፣ ያዘው፣ ከዚያ ጣለው። መጣች መሰለው። ደገመ። እግሩ ከሁሉም ሰው ኋላ ቀርቶ ብቻውን ወደቀ፣ እንደገና ወደቀ።

ከጎኑ ሲዘልል የነበረ ላቡ የሚንቆረቆር ልጅ ክንዱን ያዝ አደረገውና በጆሮው ጮኸ፣ ክፋት የለውም፣ እየሳቀ ነው፦

"ወንድሜ፣ ምቱን ስተሃል እኮ። ከኛ ጋር፣ ይኸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።"

ታኮ ልጁን አየው። የሚለው ብዙ ነበረው፣ አፉንም ከፍቶ ነበር። ልጁ ግን ክንዱን አልለቀቀም፣ ለማስተማር ቸኩሏል፣ በራሱ እግር እያሳየው ነው።

"እሺ" አለ ታኮ፣ እግሩንም አስተካከለ።